አንድ ሥራ በሁለት መዝገብ፦ ሶፍትዌርና የቡድን ሥራ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች

መግቢያ

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ኮምፒውተር በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከመተየቢያነት አልፎ ሥራ የሚመራበት መሣሪያ እንዲሆን ብዙ ገንዘብና ጉልበት ፈሷል። ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር እንዲያገናኝ ተዘርግቷል፤ የመንግሥት በጀትና ሒሳብ በተቀናጀ የፋይናንስ መረጃ ሥርዓት መመዝገብ ጀምሯል፤ በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂም የዚሁ ጉዞ ቀጣይ ምዕራፍ ነው። የግል ድርጅቶችም በበኩላቸው የሰው ኃይል፣ የንብረት፣ የግዥና የሒሳብ ሥራቸውን በአንድ ላይ የሚያስተዳድሩ ሥርዓቶችን፣ እንዲሁም የተግባር መከታተያና የስብሰባ ሶፍትዌሮችን እየገዙ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጥያቄ ግን በቂ ትኩረት አላገኘም። ሥርዓቱ ከገባ በኋላ ሥራው በፍጥነት ያልቃልን? ባለጉዳዩስ መልሱን ቀድሞ ያገኛልን? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ የሥራ ሶፍትዌር ምርታማነትንና የቡድን ትብብርን የሚያሻሽለው አሮጌውን መንገድ ሲተካ እንጂ በአሮጌው ላይ ሲደረብ አይደለም። ወረቀቱም፣ ፊርማውም፣ ማኅተሙም እንደነበሩ ቀጥለው ሶፍትዌሩ ከተጨመረ ሠራተኛው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መሥሪያ ቤቱም ለዘገምተኛነቱ ተጨማሪ ወጪ ይከፍላል። ስለዚህ ከግዥው በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ሳይሆን «የትኛው እርምጃ ይቀራል?» የሚለው ነው።

የአንድ ደብዳቤ ጉዞ

ነገሩን ለማየት የተለመደ የግዥ ጥያቄን መከተል በቂ ነው። አንድ የሥራ ክፍል የማተሚያ ቀለም አለቀበት እንበል። ባለሙያው ረቂቅ ደብዳቤ ያዘጋጃል፤ ቡድን መሪው አይቶ በጥጉ አጭር ፊርማውን ያኖራል፤ ዳይሬክተሩ ይፈርማል፤ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ማኅተም ያሳርፍበታል። ተላላኪው በማስረከቢያ ደብተር አስፈርሞ በዚያው ሕንፃ ሌላ ፎቅ ላይ ለሚገኘው የግዥና ፋይናንስ ክፍል ያደርሳል። በዚያም ደብዳቤው እንደገና በገቢ መዝገብ ይመዘገባል፤ ኃላፊው በጠርዙ ላይ «ለግዥ ቡድን፣ በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» ብሎ ይመራዋል፤ ቡድን መሪው ደግሞ ለባለሙያ ይመራዋል። ዕቃው ከተገዛም በኋላ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 ቆርጦ ይረከባል፤ ጠያቂው ክፍል በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆንለታል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ እጅ የሚነካው ሥራ ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥ ይሆናል። የተቀሩት ቀናት የሚያልፉት በመጠበቅ ነው፦ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ማኅተሙ የተቆለፈበት ነው፣ መዝገቡን የያዘችው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ናት። ባለሙያው ቢፈጥን፣ ጸሐፊዋ ብትቀለጥፍ የሚተርፈው ደቂቃ ነው። ቀናቱን የሚበላው በእርምጃና በእርምጃ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

አሁን በዚህ ላይ የሰነድ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይጨመር። ደብዳቤው ከተፈረመና ማኅተም ካረፈበት በኋላ በስካነር ይነሣና ሥርዓቱ ውስጥ ይገባል። ኃላፊው በኮምፒውተሩ ይመራዋል፤ ነገር ግን ወረቀቱም ስለሚመጣ በወረቀቱም ላይ ይመራል። ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ በሥርዓቱ «ተጠናቋል» የሚለውን ይጫንና መልሱን አትሞ ያስፈርማል፤ የተፈረመው እንደገና በስካነር ይነሣል። የእርምጃዎቹ ቁጥር አልቀነሰም፣ ጨመረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለቱ መዝገቦች መለያየት መጀመራቸው ነው፦ በወረቀት ያለቀ ጉዳይ በኮምፒውተር ክፍት ሆኖ ይታያል፤ በኮምፒውተር የተዘጋው ጉዳይ በወረቀት ፊርማ ይጠብቃል። በዚህን ጊዜ ሠራተኛው የሚያምነው ወረቀቱን ነው፤ ምክንያቱም ሲጠየቅ የሚያድነው እርሱ ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ለሪፖርት ሲባል ብቻ የሚመገብ ቋት ይሆናል።

ከኤሌክትሪክ ሞተር የተገኘ ትምህርት

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987 የኮምፒውተር ዘመን በየስፍራው ሲታይ በምርታማነት አኃዝ ላይ ግን አለመታየቱን አስተውሎ ነበር። የታሪካዊ ምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ፖል ዴቪድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ እንቆቅልሽ መልስ የፈለገው ከኤሌክትሪክ ታሪክ ነው።

የኤዲሰን የኤሌክትሪክ ማመንጫ በኒውዮርክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ነበር። ሆኖም በምዕተ ዓመቱ መባቻ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ማሽን ከሚያንቀሳቅሰው ኃይል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ድርሻ ከ5 በመቶ በታች ነበር፤ በፋብሪካዎቹ ምርታማነት ላይ ጉልህ ዕድገት የታየውም በ1920ዎቹ ነው። ምክንያቱ የሞተሩ ድክመት አልነበረም። በእንፋሎት ዘመን አንድ ትልቅ ሞተር በጣሪያው ሥር የተዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ ያሽከረክር ነበር፤ ማሽኖቹ ሁሉ በቀበቶ ከዚያ ዘንግ ጋር ይያያዛሉ። የፋብሪካ ባለቤቶች መጀመሪያ ያደረጉት የእንፋሎቱን ሞተር አንሥተው በቦታው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ማኖር ነበር፤ ዘንጉና ቀበቶው እንደነበሩ ቆዩ። ጥቅሙ የተገኘው ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ትንሽ ሞተር ሲሰጠው፣ ዘንጉ ሲወገድና የፋብሪካው አሠራር በዕቃው ፍሰት ልክ እንደ አዲስ ሲደራጅ ነው።

በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያ ዘንግ ምሪትና ማኅተም ነው። ሥራ ሁሉ ከላይ ወደ ታች በአንድ መሥመር ይወርዳል፤ በዚያው መሥመር ይወጣል። ኮምፒውተሩ በዘንጉ ጫፍ ላይ ቢተከልም ዘንጉ እስካለ ድረስ ፍጥነቱ የዘንጉ ፍጥነት ነው።

የአስተዳደር ምሁሩ ማይክል ሐመር በዚያው እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንኑ ሐሳብ በፎርድ የመኪና ኩባንያ ምሳሌ አስረድቷል። የኩባንያው የሰሜን አሜሪካ የተከፋይ ሒሳብ ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኃላፊዎቹ በኮምፒውተር እገዛ ቁጥሩን በ20 በመቶ ለመቀነስ አስበው ሳለ የጃፓኑ ማዝዳ ይህንኑ ሥራ በአምስት ሰዎች እንደሚያከናውን ተመለከቱ። የሠራተኞቹ ጊዜ በአብዛኛው የሚያልቀው የግዥ ትእዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነዱና የሻጩ መጠየቂያ ደረሰኝ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ልዩነቱን በማጣራት ነበር። መፍትሔው የማጣራቱን ሥራ ማፋጠን አልሆነም፤ ደረሰኙን ከነጭራሹ ማስቀረት ሆነ። ዕቃ ተረካቢው ከኮምፒውተር መዝገቡ ጋር አመሳክሮ ትክክል ከሆነ ይረከባል፤ ክፍያውም በዚያው ይፈጸማል። በአዲሱ አሠራር የሰው ኃይሉ በ75 በመቶ ቀነሰ። ሞዴል 19ን ከውልና ከደረሰኝ ጋር ሲያመሳክር ለሚውል የኢትዮጵያ ሒሳብ ሠራተኛ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም።

የሐመር አስተሳሰብ ኢትዮጵያ ውስጥ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በሚል ስያሜ፣ በተለምዶም ቢፒአር ተብሎ፣ በሲቪል ሰርቪሱ ውስጥ ሰፊ ዘመቻ ተደርጎበታል። በጊዜው በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ሂደቶች ተጠንተዋል፤ አላስፈላጊ እርምጃዎች እንዲወጡም ተሞክሯል። ዛሬ ሶፍትዌር በስፋት ሲገባ ግን ያ ጥናት ብዙ ጊዜ አይደገምም። ሂደት ሲጠና መሣሪያው አልነበረም፤ መሣሪያው ሲመጣ ጥናቱ ቀረ። ሁለቱ ባለመገናኘታቸው የጠፋው ዕድል ትልቅ ነው።

ማን ይመዘግባል? ማን ይጠቀማል?

ሁለተኛው ችግር የጥቅም ክፍፍል ነው። ተመራማሪው ጆናታን ግሩዲን እ.ኤ.አ. በ1988 የቡድን ሥራ ሶፍትዌሮች ስለሚከሽፉበት ምክንያት ሲጽፍ ያመለከተው ቀላል እውነት አለ፦ ተጨማሪውን ሥራ የሚሠራው ሰውና ጥቅሙን የሚያገኘው ሰው ሲለያዩ መሣሪያው አይሠራም። ምሳሌው የጋራ የቀጠሮ መዝገብ ነበር። ስብሰባ የሚጠራው ኃላፊ የሁሉንም ክፍት ሰዓት በአንድ ገጽ ማየቱ ይጠቅመዋል፤ ለዚያ ግን የበታቾቹ በሙሉ ቀጠሯቸውን ሳያቋርጡ መመዝገብ አለባቸው። ለእነርሱ የተጨመረላቸው ነገር ድካም ብቻ ነው፤ ስለዚህ አይመዘግቡም፤ ኃላፊውም ያሰበውን አያገኝም።

የተግባር መከታተያ ሶፍትዌሮች በየመሥሪያ ቤቱ የሚገጥማቸው ዕጣ ይኸው ነው። ባለሙያው የዕለት ሥራውን እንዲሞላ ይታዘዛል፤ የሞላው መረጃ ለኃላፊው በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ይቀርባል፤ ወደ ባለሙያው ግን የሚመለስ ነገር የለም። ያለበት የሥራ ጫና አይቀነስለትም፤ የጎደለው ግብዓት አይሟላለትም፤ የሳምንቱ ሪፖርት በወረቀት መጠየቁም አይቀርለትም። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞላል። በዚህ መንገድ የተሞላ መረጃ ሥራን አያሳይም፤ ታዛዥነትን ብቻ ያሳያል። የሳምንቱን ሪፖርት ከዚያው ከተሞላው መረጃ ራሱ ሶፍትዌሩ የሚያዘጋጅለት ቢሆን ኖሮ ግን ያው ባለሙያ በየዕለቱ የሚሞላበት የራሱ ምክንያት ይኖረው ነበር።

ዋንዳ ኦርሊኮውስኪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመችው ጥናት ደግሞ ከዚህ ጠለቅ ይላል። አንድ ትልቅ የማማከር ድርጅት ሠራተኞቹ ዕውቀት እንዲለዋወጡ ሎተስ ኖትስ የተባለውን የቡድን ሥራ ሶፍትዌር አስገብቶ ነበር። ነገር ግን በድርጅቱ ዕድገት የሚገኘው በእርስ በርስ ፉክክር ነበር፤ የሠራተኛው ጊዜም የሚመዘነው ለደንበኛ በሚታሰብ ሰዓት ነበር። ዕውቀቱን ለባልደረባው ያካፈለ ሠራተኛ ብልጫውን አሳልፎ ሰጠ፤ ሶፍትዌሩን ለመማር ያጠፋውም ሰዓት ለደንበኛ አይታሰብም። ስለዚህ መጋራትን የሚያስችለው መሣሪያ መጋራትን አላመጣም። ሶፍትዌር ትብብርን አይፈጥርም፤ ድርጅቱ የሚሸልመውን ጠባይ ያጎላል እንጂ።

የትብብር መሣሪያ ማብዛትም በራሱ ዋጋ አለው። ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የሶፍትዌር ሥራ አመራር መጽሐፉ እንዳሳየው የቡድን አባላት ሁሉ እርስ በርስ መነጋገር ካለባቸው የመነጋገሪያው መሥመር ከሰው ቁጥር በላይ ይበዛል፦ ለ5 ሰዎች 10 መሥመር፣ ለ10 ሰዎች 45፣ ለ20 ሰዎች 190። ሁሉን ሰው በአንድ የመልእክት ቡድን ውስጥ መሰብሰብ ትብብር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን እያንዳንዱ ሰው የማይመለከተውን ሲያነብ መዋሉ ነው። ጥሩ የሥራ ሶፍትዌር መልእክትን አያበዛም፤ ጉዳዩ አሁን በማን እጅ እንዳለ ማንም ሳይጠይቅ እንዲታወቅ በማድረግ መልእክትን ያስቀራል።

ቴሌግራም ያስተማረው

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሳይገዛ፣ ሥልጠና ሳይሰጥበትና ሳይታዘዝ የገባ የቡድን ሥራ መሣሪያ ቢኖር ቴሌግራም ነው። የስብሰባ ጥሪ፣ የሪፖርት ረቂቅ፣ የመስክ ፎቶግራፍ፣ አንዳንድ ጊዜም የደብዳቤ ቅጂ ሳይቀር በዚያ ይተላለፋል። ብዙ ኃላፊዎች ይህን እንደ ሥርዓት አልበኝነት ያዩታል። ነገሩ ግን ከመወገዝ ይልቅ መጠናት ያለበት ነው፤ ሠራተኛው በፈቃዱ የመረጠውን መሣሪያ ማወቅ የሚያስፈልገውን ማወቅ ነውና። ቴሌግራም በእጅ ስልክ ይሠራል፤ ደካማ ኢንተርኔትን ይታገሣል፤ አማርኛ መጻፍ አያስቸግርም፤ ለአንድ መልእክት ሦስት ቅጽ አያስሞላም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቅሙ ለላኪውም ለተቀባዩም እኩል ነው።

ጉድለቱም እንዲሁ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ሰነዱ በግል ስልኩ አብሮት ይሄዳል፤ ውሳኔው የት ቦታ እንደ ተሰጠ ከስድስት ወር በኋላ ማግኘት አይቻልም፤ የሥራና የዕረፍት ሰዓት ይቀላቀላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የባለጉዳዮችን ማንነት የያዘ ሰነድ በግል ስልኮች መዘዋወሩ የሕግ ጥያቄ ጭምር ሆኗል። ነገር ግን መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው ሥርዓት ከቴሌግራም የከበደ እስከ ሆነ ድረስ ክልከላው ልማዱን ወደ ድብቅነት ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

ከውጭ የሚመጡ ሶፍትዌሮች የኢትዮጵያን የሥራ ልማድ ሳያውቁ መሠራታቸውም ጊዜ ያባክናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መለያ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላ አማርኛ መጻፍ የቴክኒክ ችግር መሆኑ ቀርቷል። አማርኛ መፈለግ ግን አሁንም ችግር ነው። «ኃይሉ» የሚለው ስም በተለያዩ ሠራተኞች እጅ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ወይም ሐይሉ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የማይፈልግ የመዝገብ ሥርዓት የገባውን ፋይል «የለም» ይላል፤ ሠራተኛውም ወደ ወረቀቱ መዝገብ ይመለሳል።

የስም አወቃቀርም እንዲሁ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ መዝጋቢ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ይሞላል። የቀን መቁጠሪያውም ሌላ ጣጣ አለው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በአውሮፓውያን ወር የሚቆጥር ሶፍትዌር የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያወጣ ቀኖቹ አይገጥሙም፤ ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለ3፡00 ሰዓት የተያዘ ስብሰባ በሶፍትዌሩ 9፡00 ነው፤ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ካነበበው ቡድኑ አይገናኝም። ሠራተኛው በየዕለቱ በአእምሮው የሚያካሂደው ይህ ሁሉ ልውውጥ ተደምሮ ድካም ነው፤ ስሕተትም ነው። እነዚህን ማስተካከል ከባድ የቴክኒክ ሥራ አይደለም። የሚጎድለው በግዥው ሰነድ ላይ እንደ ግዴታ መጻፋቸው ነው።

ሦስት መቃወሚያዎች

በዚህ መከራከሪያ ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፦ ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ወረቀትን መተው ድፍረት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ከልብ መወሰድ አለበት። ሆኖም የባንኮች ልምድ ሌላ ነገር ያሳያል። ቀድሞ ደንበኛ ገንዘቡን የሚያወጣው ሒሳብ ከከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር፤ መዝገቡ እዚያ ነበርና። ኮር ባንኪንግ የተባለው ማዕከላዊ የባንክ ሥርዓት ሲገባ የሒሳቡ ባለቤት ቅርንጫፉ መሆኑ ቀርቶ ባንኩ ሆነ፤ ደንበኛውም በየትኛውም ቅርንጫፍ መስተናገድ ቻለ። የባንክ ቅርንጫፎች የሚጠቀሙት ኤሌክትሪክና ኔትወርክ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከሚጠቀሙት የተለየ አይደለም። የተለየው ሕጋዊው መዝገብ አንድና አንድ ብቻ እንዲሆን መወሰኑ ነው። ባንኮቹም ይህን ከወሰኑ በኋላ ለጄኔሬተርና ለመጠባበቂያ መሥመር ለማውጣት ምክንያት አገኙ። ወረቀት በመጠባበቂያነት ሊቆይ ይችላል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ምን በምን እንደሚጻፍና መቼ ወደ ሥርዓቱ እንደሚገባ የሚወስን ደንብ ሲኖር ግን መጠባበቂያ ነው፤ ደንብ ከሌለው ሁለተኛ መዝገብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ተጠያቂነት ነው፦ ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም ኦዲተር ምን ያምናል? ፍርድ ቤትስ? በሕግ ረገድ መሠረቱ ተጥሏል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማና መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። የሚቀረው ልማድ ነው። አንድ ሠራተኛ ሁሉን እያተመ የሚያስቀምጠው ስንፍና ወይም የቴክኖሎጂ ጥላቻ ይዞት ላይሆን ይችላል፤ ነገ ሲጠየቅ ወረቀት አምጣ እንደሚባል ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ሥርዓት በሚዘረጋበት ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ተጠሪዎች አንዱ ኦዲት ክፍሉ ሊሆን ይገባል። ኦዲተሩ የሥርዓቱን መዝገብ እንደ ማስረጃ እንደሚቀበል በጽሑፍ ያላረጋገጠበት ሶፍትዌር ማተሚያውን ከማብዛት አያልፍም።

ሦስተኛው ከሠራተኛው ወገን የሚነሣ ሥጋት ነው፦ ሶፍትዌሩ ሥራን ለማገዝ ነው ወይስ ሰውን ለመሰለል? ማን ስንት ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ፣ ስንት ተግባር ዘጋ የሚሉ መለኪያዎች ለመቁጠር ይቀላሉ፤ ለዚህም ይወደዳሉ። ሆኖም ሠራተኛ በሚቆጠርበት ነገር ላይ ይጠበባል። የተዘጋ ተግባር ከተቆጠረ አንዱን ሥራ አምስት ቦታ ይከፋፍላል፤ አስቸጋሪውንም ጉዳይ ለሌላ ያስተላልፋል። የሚያስኬደው ሰውን ሳይሆን ጉዳዩን መለካት ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚወጣው የአሠራር ቅደም ተከተል የተወሳሰበ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉን ሥራ በአንድ ቀን ወደ ሶፍትዌር ከማዛወር ይልቅ ባለጉዳይ የሚበዛበትን አንድ አገልግሎት ይምረጥ። ምንም ነገር ከመግዛቱ በፊት አራት ነገሮችን ይቁጠር፦ ጉዳዩ ከቀረበበት እስከ ተመለሰበት ስንት ቀን ፈጀ? በስንት ሰው እጅ አለፈ? ስንት ጊዜ ለማስተካከያ ተመለሰ? አንዱ መረጃ ስንት ቦታ ተጻፈ? ለዚህ ቆጠራ ያለፉ ሠላሳ ወይም አርባ ፋይሎች፣ አንድ ደብተርና ጥቂት ቀናት ይበቃሉ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፊርማ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ ይህ ፈራሚ ጥያቄውን ውድቅ አድርጎ ያውቃልን? ፈራሚው በፋይሎቹ ሁሉ ውስጥ አንድም ጊዜ «አይሆንም» ካላለ ፊርማው ውሳኔ ሳይሆን ሥነ ሥርዓት ነው። እንዲያውቀው ከተፈለገ ሥርዓቱ ማሳወቂያ ሊልክለት ይችላል፤ ጉዳዩ ግን እርሱን መጠበቅ የለበትም። በወረቀት ዓለም «ግልባጭ» የሚባለው ይኸው ነበር። ብዙ ፊርማዎች ወደ ግልባጭነት ቢወርዱ የሚጎዳ ሰው የለም።

ሦስተኛው እርምጃ የወረቀቱን መንገድ የሚዘጋበትን ቀን ቆርጦ ማስታወቅ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት የሙከራ ጊዜ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መጨረሻ ያለው መሆን አለበት። መጨረሻ የሌለው ሙከራ ቋሚ ድርብ ሥራ ነው። ቀኑም በመጀመሪያ መከበር ያለበት ከላይ ነው፦ የበላይ ኃላፊው «ለእኔ አትማችሁ አምጡልኝ» ካለ የታችኛው ሁሉ ይህንኑ ይከተላል።

በመጨረሻም ቆጠራው ይደገም። ከስድስት ወር በኋላ እነዚያው አራት ቁጥሮች ካልቀነሱ ሥርዓቱ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢመስል ሥራውን አላሻሻለም። ይህ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎችም ክፍት የሆነ መስክ ነው። በቴክኖሎጂ አጠቃቀም ላይ የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚመረኮዙት የሠራተኞችን እርካታ በሚጠይቅ የጽሑፍ መጠይቅ ላይ ነው። እርካታ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ባለጉዳይ ለአንድ ፊርማ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ አይናገርም። በመዝገብ ቤት ውስጥ የገቢና የወጪ ቀናቸው የተጻፈባቸው ፋይሎች ተደርድረዋል፤ የምርታማነት ማስረጃው እዚያው ነው።

ማጠቃለያ

ሶፍትዌር ለመሥሪያ ቤት ምርታማነት ሊያበረክት የሚችለው ነገር ትልቅ ነው፤ ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለ ያሳያል፣ አንዴ የተጻፈ ሁለተኛ እንዳይጻፍ ያደርጋል፣ ሁለት ክፍሎች በደብዳቤ ፈንታ በአንድ መዝገብ እንዲሠሩ ያስችላል። ይህን የሚያበረክተው ግን መሥሪያ ቤቱ በምላሹ አንድ ነገር ለመተው ሲፈቅድ ነው፦ አንድ ፊርማ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ማኅተም። መተው ከመግዛት ይከብዳል፤ ግዥ በበጀት ይፈጸማል፣ መተው ግን ሥልጣንን ይነካልና። ለዚህም ነው ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚገዙትና የማይተዉት።

የዚህን ዋጋ የሚከፍሉት ውሳኔውን የሚሰጡት አይደሉም። አንዱን መረጃ በወረቀትም በኮምፒውተርም ሲጽፍ የሚያመሸው ወጣት ባለሙያ ይከፍላል፤ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰው፣ በማግስቱም «ሲስተሙ መጥቷል፣ ፊርማው ግን አልወጣም» የሚባለው ባለጉዳይም ይከፍላል። ቀጣዩ የሶፍትዌር ግዥ ሰነድ ሊገዛ የታሰበውን ከሚዘረዝረው ገጽ ፊት ለፊት የሚቀሩትን እርምጃዎች የሚዘረዝር ሌላ ገጽ ይኑረው። ያ ሁለተኛው ገጽ ባዶ ከሆነ ግዥው ቢዘገይ ይሻላል።